የ13 ወር ፀሐይ ካለን መዝገቧ የት አለ?

(ከአንድ የ2ኛ ዓመት ሠልጣኝ)

አገራችን ለብዙ ዓመታት በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ የታወቀችበት አንድ መፈክር አለ፤ «የ13 ወር ፀሐይ» የሚል። በፖስተርና በፖስት ካርድ ታትሞ ዓለምን ዞሯል። ታዲያ እንደ ዕጩ መምህር አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ከመካከላችን ይህችን የምንኮራባትን ፀሐይ ፊቷ ምን እንደሚመስል ያየ ስንቱ ነው? ትናንት በፊቷ ላይ ስንት ጥቁር ነጠብጣብ ነበረባት? ዛሬስ? መልሱን የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ!

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ነገ ከዚህ ወጥተን በየወረዳው ስንበተን «ፀሐይ የጋለ ጋዝ ክምችት ናት» ብለን በሰሌዳ ላይ እንጽፋለን። ተማሪውም ይገለብጣል፤ በፈተናም መልሶ ይጽፍልናል፤ እኛም «እውነት» ብለን ምልክት እናደርግለታለን። እንዲህ እያልን መምህሩም ተማሪውም ያላዩትን ነገር ሲቀባበሉ ይኖራሉ ማለት ነው። ያውም ስለ ሩቅ ኮከብ ሳይሆን በየቀኑ ከራሳችን በላይ ስለምትወጣው ፀሐይ!

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ባጭሩ ይኸው ነው። የፀሐይን ገጽ መከታተልና ፎቶግራፍ ማንሳት የታላላቅ ኦብዘርቫቶሪዎች ሥራ ብቻ ሳይሆን የአማተርም ሥራ ነው፤ በመሆኑም ለአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ የሚገባ ሥራ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ካልተሟሉ ባይጀመር ይሻላል። አንደኛው የዓይን ጥንቃቄ ነው፤ ሁለተኛው መዝገብ ነው። ቀንና ሰዓት ያልተጻፈበት የፀሐይ ፎቶግራፍ ጌጥ እንጂ ዕውቀት አይደለም ባይ ነኝ።

ለመሆኑ በፀሐይ ፊት ላይ ምን አለ?

ፀሐይ ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ብርሃኗ እኛ ዘንድ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ስፋቷ ከዳር እስከ ዳር 1.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ 109 ምድሮችን ጎን ለጎን ብንደረድር ነው የምንሞላው። የገጿ ሙቀት 5,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። በዚህ ገጽ ላይ ጥቁር ነጠብጣቦች ይወጣሉ፤ አንዳንዶቹ ምድራችንን ከነምናምኗ ይውጣሉ። ጥቁር መስለው የሚታዩት ጠቁረው ሳይሆን ከአካባቢያቸው በ1,500 ዲግሪና ከዚያም በላይ ስለሚቀዘቅዙ ነው። አንዱ ነጠብጣብ ብቻውን በሌሊት ሰማይ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ደምቆ ያበራ ነበር።

ምክንያቱ ማግኔት ነው። ከፀሐይ ውስጥ የሚወጣው ብርቱ መግነጢሳዊ ኃይል ከሥር የሚፈላው ሙቀት ወደ ላይ እንዳይወጣ ያግደዋል፤ የታገደው ቦታም ይቀዘቅዛል። በነጠብጣቦቹ ውስጥ ብርቱ መግነጢሳዊ ኃይል መኖሩን በ1908 (እ.ኤ.አ.) ያረጋገጠው አሜሪካዊው ጆርጅ ኤለሪ ሄል ነው። ይኸው የታመቀ ኃይል በድንገት ሲላቀቅ ደግሞ የፀሐይ ፍንዳታ የምንለው ይከተላል። ፀሐይ በራሷ ዛቢያ ስለምትዞር፣ ከምድር ሲታይ በ27 ቀን ያህል አንድ ዙር ስለምትጨርስ፣ አንድ ነጠብጣብ ከምሥራቅ ጠርዟ ብቅ ብሎ ዕድሜ ከሰጠው በ2 ሳምንት ገደማ በምዕራብ ጠርዟ ይጠልቃል። ልብ በሉ፤ 2 ሳምንት! አንድ የ5ኛ ክፍል ተማሪ ያለ ምንም ቀመር ፀሐይ እንደምትዞር በገዛ ዓይኑ ሊያረጋግጥ የሚችልበት ጊዜ ነው።

የፋርማሲው ባለቤትና የቢራ ጠማቂው ልጅ

አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ይህን ሳወራው «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እኮ የናሳ ሥራ ነው፤ እኛ ምን ቤት ነን?» አለኝ። ብዙ ሰው የሚያስበው እንዲህ ነው። ታሪኩ ግን ሌላ ይላል።

ሃይንሪክ ሽዋቤ የሚባል ጀርመናዊ በደሳው ከተማ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ነበር። በ1826 (እ.ኤ.አ.) ትንሽ ቴሌስኮፕ ይዞ ፀሐይን መከታተል ጀመረ። የፈለገው ነጠብጣብ አልነበረም፤ ከሜርኩሪ ይበልጥ ለፀሐይ የቀረበ ሌላ ፕላኔት ይኖር ይሆናል ብሎ፣ በፀሐይ ፊት ሲያልፍ ለመያዝ ነበር። ፕላኔቱን ከነጠብጣብ ለመለየት ነጠብጣቦቹን ሁሉ መመዝገብ ግድ ሆነበት። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ሁሉ መዘገበ። ፕላኔቱ አልተገኘም፤ እንዲህ ያለ ፕላኔትም የለም። ግን ከ17 ዓመት መዝገብ በኋላ አንድ ነገር ወጣ፤ ነጠብጣቦቹ በ10 ዓመት ገደማ ይበዛሉ፣ ያንሳሉ፣ ተመልሰው ይበዛሉ። ይህን በ1844 (እ.ኤ.አ.) አሳተመ። ዛሬ አማካዩ 11 ዓመት ያህል እንደሆነ የምናውቀው የፀሐይ ዑደት በዚህ መንገድ ነው የተገኘው። ያገኘው ማነው? በዓለም ትልቁ ቴሌስኮፕ ሳይሆን ያልተቋረጠ መዝገብ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ!

ሁለተኛው እንግሊዛዊው ሪቻርድ ካሪንግተን ነው፤ የቢራ ጠማቂ ልጅ። መስከረም 1 ቀን 1859 (እ.ኤ.አ.) ጠዋት የፀሐይን ምስል በቴሌስኮፕ አሳልፎ ነጭ ገጽ ላይ ጥሎ ነጠብጣብ ይስላል። በድንገት በአንድ ትልቅ የነጠብጣብ ቡድን ላይ ሁለት ነጫጭ ብርሃኖች ቦግ አሉ። ምስክር ፍለጋ ሮጦ በ1 ደቂቃ ውስጥ ሲመለስ ደክመው አገኛቸው፤ በ5 ደቂቃ ገደማ ጠፉ። ከ17 ሰዓት ከግማሽ በኋላ ምድር በታላቅ መግነጢሳዊ ማዕበል ተናወጠች። የቴሌግራፍ መስመሮች ታወኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ በዋልታ አካባቢ የሚታየው የሌሊት ብርሃን እስከ ካሪቢያን ደሴቶች ድረስ ታየ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ካሪንግተንን ያስከበረው ማየቱ ብቻ ነው? አይደለም። ሰዓቱን መዝግቦ ነበር። ሪቻርድ ሆጅሰን የተባለ ሌላ አማተርም በሌላ ቦታ ሆኖ ያንኑ ነገር በዚያኑ ሰዓት አይቶ ጽፎ ነበር። በኪው ኦብዘርቫቶሪ ያለው የማግኔት መሣሪያም በዚያችው ቅጽበት የተለየ ንቅናቄ መዝግቧል። ሦስት ቦታ የተጻፈው ሰዓት ሲገጣጠም ነው የአንድ ሰው ወሬ የዓለም ዕውቀት የሆነው። ሰዓቱ ባይጻፍ ኖሮ «አንድ ቀን ጠዋት ፀሐይ ላይ ብልጭታ አየሁ» የሚል ተረት ሆኖ በቀረ ነበር።

ሦስተኛዋ ጃፓናዊቷ ሂሳኮ ኮያማ ናት። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጦርነቱ ዘመን አባቷ በሰጧት ትንሽ ቴሌስኮፕ ጀምራ፣ በኋላም በቶኪዮ የሳይንስ ሙዚየም ተቀጥራ፣ ለ40 ዓመታት ያህል የፀሐይ ነጠብጣቦችን በእርሳስ ስትስል ኖራለች። አንድ ሰው፣ አንድ ቴሌስኮፕ፣ አንድ ዓይነት አሠራር ለ40 ዓመት! ዛሬ ሊቃውንት የ400 ዓመቱን የነጠብጣብ ቆጠራ ለማስተካከል ከሚመረኮዙባቸው መዝገቦች አንዱ የእሷ ነው። እህቶቻችን ይህን ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ፎቶግራፍ ወይስ ጌጥ?

አሁን ወደ ፎቶግራፉ ልምጣ። ፀሐይ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጠብጣቧ እስኪታይ ድረስ በጥሩ ሁኔታ ፎቶግራፍ የተነሳችው ሚያዝያ 2 ቀን 1845 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ያነሱትም ፈረንሳዮቹ ፊዞና ፉኮ ናቸው። ዛሬ ግን በብዙ አገር የሚገኙ አማተሮች ከቤታቸው ጓሮ ሆነው ያ ዘመን ያላለመውን ሥዕል ያነሳሉ። አንዱ መንገድ ከመቶ ሺህ እጅ አንዱን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ከቴሌስኮፑ ፊት አድርጎ ነጠብጣቦቹን ማንሳት ነው። ሌላው ደግሞ ሃይድሮጅን የሚያወጣውን አንዱን ቀይ ብርሃን ብቻ (የሞገድ ርዝመቱ 656.3 ናኖ ሜትር የሆነውን) የሚያሳልፍ ውድ መሣሪያ ነው፤ በዚህ ከፀሐይ ጠርዝ ላይ የሚነሱት የእሳት ምላሶች ሳይቀሩ ይታያሉ።

አሠራራቸው ብልሃት አለበት። አየራችን እንደ ምጣድ እንፋሎት ስለሚርገበገብ አንድ ፎቶ ብቻ ቢነሳ ይደበዝዛል። ስለዚህ በቪዲዮ መልክ በሺህ የሚቆጠሩ ምስሎችን ያነሱና፣ አየሩ ለአፍታ በረጋበት ጊዜ የተነሱትን ጥርት ያሉትን በኮምፒውተር መርጠው ይደራርቧቸዋል። ከዚያም ያስሉታል፤ ቀለም ይሰጡታል።

እኔ ቅር የሚለኝ እዚህ ላይ ነው። ፀሐይ ከምድር አየር ውጭ ሆነን ብናያት ነጭ ናት። ብርቱካናማዋ ፀሐይ አብዛኛውን ጊዜ ባነሺው የተቀባች ፀሐይ ናት። ከመጠን በላይ የተሳለ ምስልም በፀሐይ ላይ የሌለውን ሥንጥቅና ጠርዝ ይፈጥራል። ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ውበትም ዋጋ አለው። ነገር ግን ፎቶግራፉ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ መሣሪያውና በላዩ ላይ የተደረገው ሁሉ ካልተጻፈበት ለተማሪ እንደ ማስረጃ ሊቀርብ አይገባም። ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ ሰው ይደሰትበት። መምህሩ ግን «ፀሐይ ይህን ትመስላለች» ብሎ በዱላ እየጠቆመ ባያስተምርበት ይሻላል። ከዚህ ይልቅ አንድ ልጅ በእርሳስ የነቆጣትና ከጎኗ «ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ሰማይ ጥርት» ብሎ የጻፈባት ነጥብ ትበልጥብኛለች።

ዓይን መለዋወጫ የለውም

«ልጆችን ወደ ፀሐይ ማዞር አደጋ ነውና ብትተዉት ይሻላል» ያሉን መምህር አሉ። በአክብሮት እላለሁ፣ ግማሹ ትክክል ነው። አደጋው እውነት ነው። ያለ ማጣሪያ ፀሐይን አፍጥጦ ማየት፣ ይልቁንም በባይኖኩላር ወይም በቴሌስኮፕ ማየት፣ ዓይንን ለዘለቄታው ያጠፋል። ክፋቱ ደግሞ የዓይናችን ውስጠኛ ክፍል ሲቃጠል ሕመም የማይሰማው መሆኑ ነው። ሰውየው ደኅና ነኝ ብሎ ይገባል፤ ጉዳቱን የሚያውቀው በኋላ ነው።

ግን ዝም ማለት መፍትሔ ይሆናል? ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በማለዳ የቀለበት ግርዶሽ በላሊበላ በኩል ሲያልፍ የአገር ሰው ሁሉ ቀና ብሏል። ዕለቱ እሑድ ነበር፤ ትምህርት ቤቶችም በኮሮና ምክንያት ተዘግተው ነበር። በዚያች ሰዓት በልጁ አጠገብ መምህር አልነበረም። በራጅ ፊልም ይመልከት፣ በጠቆረ መስተዋት ይመልከት፣ በፀሐይ መነጽር ይመልከት እግዜር ይወቀው። እነዚህ ሁሉ የማይታየውን ጎጂ ጨረር በበቂ ሁኔታ ስለማያግዱ አይታመኑም። በገበታ ውሃ ማየትም እንዲሁ ነው። ውሃ ከላይ ከወረደበት ብርሃን ከ100 እጅ 2 ያህሉን ይመልሳል፤ የታመነ ማጣሪያ የሚያሳልፈው ግን ከ100,000 እጅ 1 ነው። ልዩነቱን አስሉት፤ 2,000 እጥፍ ነው። እንግዲህ ልጁ የሚድነው በዕለቱ በሚነገረው ማስጠንቀቂያ ሳይሆን ከዓመት በፊት ክፍል ውስጥ በተለማመደው አሠራር ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ በአገራችን በከፊል የሚታይ ግርዶሽ የሚውልበት ቀን ነው። ክረምት ስለሆነ ደመና ይከልለው ይሆናል፤ ካልከለለውስ?

ስለዚህ እኔ የምመርጠው ፀሐይን በማየት ሳይሆን ምስሏን ወረቀት ላይ በመጣል ነው። ካሪንግተንም ያደረገው ይህንኑ ነው። አንድ ባይኖኩላር በማስቀመጫ ላይ በደንብ ይታሰራል፤ ከሁለቱ ዓይኖቹ አንዱ በክዳን ይዘጋል። ወደ ፀሐይ የሚነጣጠረው በባይኖኩላሩ አሻግሮ በማየት ሳይሆን መሬት ላይ ያለው ጥላው እጅግ እስኪያንስ ድረስ በማስተካከል ነው። ከኋላው ግማሽ ሜትር ያህል ርቆ ነጭ ወረቀት ይያዛል፤ በዙሪያው በካርቶን ጥላ ይሠራለታል። ክቡ ምስል ወረቀቱ ላይ ይወርዳል፤ ማጥሪያውን ስናዞር ይጠራል፤ ነጠብጣብ ካለ ይታያል። ከዚያ ማንኛውም የእጅ ስልክ ወረቀቱን ፎቶ ማንሳት ይችላል። ፎቶ የምናነሳው ወረቀት ነው እንጂ ፀሐይን አይደለም፤ ስለዚህ ዓይንም ስልክም አይጎዳም። ሌንሱ እንዳይግል በየጥቂት ደቂቃው ከፀሐይ ማዞር ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ መሣሪያው ለአንዲት ሴኮንድም ቢሆን ጠባቂ ሳይኖረው መቆም የለበትም። ልጅ መቼም ልጅ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ማየት ያምረዋል።

ባይኖኩላር የሌለው ትምህርት ቤትስ? በካርቶን ላይ በመርፌ የተበሳ ቀዳዳ ብቻ ይበቃዋል፤ ግን የሚሰጠውን አውቀን እንጠቀምበት። የምስሉ ስፋት የርቀቱ 109ኛ ክፍል ያህል ነው፤ በ1 ሜትር ርቀት 9 ሚሊ ሜትር፣ በ5 ሜትር 4.6 ሳንቲ ሜትር። ለግርዶሽ እጅግ ደኅና ነው። ተራ ነጠብጣብ ግን በዚህ አይታይም። ለልጆች «ይታያችኋል» ብለን ቃል ገብተን ባይታያቸው መዋሸታችን ነው።

እንዴት እንመዝግብ?

በወረቀት ላይ ስፋቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ አስቀድሞ ይሳላል፤ ምስሉም በልኩ ይደረጋል። በዚህ ክብ ላይ ምድራችን ብትሳል 1.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ትሆናለች። ከአንዲት የጤፍ ፍሬ እምብዛም አትበልጥም! ተማሪው ጤፏን ከነጠብጣቡ አጠገብ አስቀምጦ ያመዛዝን። ከዚህ የበለጠ የትኛው ቻርት ያስተምራል? መሣሪያው ሳይነካ ቢተው ምስሉ በ2 ደቂቃ ገደማ የራሱን ስፋት ያህል ተንሸራቶ ከቦታው ይወጣል፤ የሚሸሽበት አቅጣጫ ምዕራብ ነው። ምዕራብ ይጻፍበት።

ከዚያ ቆጠራው ይመጣል። የስዊሱ ሩዶልፍ ቮልፍ በ1848 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ዘዴ ቀላል ነው፤ የቡድኖቹን ቁጥር በ10 አባዝተህ የነጠብጣቦቹን ቁጥር ትደምራለህ። 3 ቡድንና በጠቅላላው 12 ነጠብጣብ ካለ 30 ሲደመር 12፣ 42 ይሆናል። የ4ኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ይኸው ዘዴ ማስተካከያ እየተደረገለት እስካሁን ያገለግላል፤ ከ1981 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከየአገሩ የሚመጣውን ቆጠራ የሚያጠናቅረው በቤልጅየም ብራሰልስ ያለው ኦብዘርቫቶሪ ነው። ቆጠራ ከሚልኩለትም ውስጥ ብዙዎቹ አማተሮች ናቸው።

በመዝገቡ ላይ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ ነጠብጣብ ያልታየበት ቀን «0» ይጻፍበት፤ ደመና የነበረበት ቀን ደግሞ «ደመና» ይባል እንጂ 0 አይባል። አይቶ ማጣትና አለማየት አንድ አይደሉም። ሽዋቤ ነጠብጣብ የሌለባቸውን ቀኖች ለይቶ ባይቆጥር ኖሮ ዑደቱ ባልወጣለት ነበር። ሁለተኛ፣ የቀኑንና የሰዓቱን ነገር እንጠንቀቅ። የእኛ አቆጣጠር ከሌላው ይለያል፤ የጠዋቱ 3 ሰዓታችን በዓለም አቀፉ ሰዓት 6 ሰዓት ነው። ሁለቱም ይጻፉ። ሦስተኛ፣ ትናንት ያመለጠንን ዛሬ ከሌላ ገልብጠን አንሙላ። ባዶ ቦታ አያሳፍርም፤ የውሸት ቁጥር ግን ሌላውን ሁሉ ያበላሻል።

ለተቃዋሚዎች

«ሳተላይት እያለ ምን አደከማችሁ?» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ አሜሪካኖች በ2010 (እ.ኤ.አ.) ያመጠቁት የፀሐይ መከታተያ ሳተላይት ሌት ተቀን ሲያነሳት ኖሯል፤ ምስሎቹም ለሁሉም ክፍት ናቸው። እሱን አንጣላውም። የራሳችንን ክብ ከሳልን በኋላ ከእሱ ጋር አስተያይተን ስንት ነጠብጣብ እንዳመለጠን እናርምበት። መጀመሪያ መልሱን ገልጦ ሒሳብ የሚሠራ ተማሪ ግን ምን ይማራል?

«ደብተር የሌለው ልጅ ባለበት አገር የፀሐይ ነጠብጣብ ቅንጦት ነው» የሚልም አለ። ይህ ከባድ ጥያቄ ስለሆነ አልቀልድበትም። የደብተሩ ነገር መቅደም አለበት። ነገር ግን አንድ ባይኖኩላር ለአንድ ሙሉ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ፀሐይም ክፍያ አትጠይቅም። በገጠር ላብራቶሪ የለም ብለን ሁልጊዜ እናማርራለን፤ ከራሳችን በላይ የተሰቀለ ላብራቶሪ እንዳለ ግን እንዘነጋለን። ጉዳዩም ከኑሮ የራቀ አይደለም። መጋቢት 13 ቀን 1989 (እ.ኤ.አ.) ከፀሐይ የመጣ ማዕበል በካናዳ ኩቤክ 6 ሚሊዮን ያህል ሕዝብን ለ9 ሰዓት ያህል መብራት አሳጥቷል። በፀሐይ ላይ ብርቱ ፍንዳታ ሲሆን ቀን በሆነበት የምድር ክፍል ሁሉ የአጭር ሞገድ ራዲዮ ይታወካል። እኛ ደግሞ ዳር ላይ ያለን ሕዝብ አይደለንም፤ የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአገራችን ላይ ነው የሚያልፈው። ፀሐይ እጅግ በነቃችበት በ1957–58 (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲታወጅ በአዲስ አበባ የማግኔት መከታተያ ጣቢያ የተቋቋመውም ያለ ምክንያት አይደለም። በእንጦጦ ተራራም ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ከተተከሉ ቆይተዋል። በላይ በኩል በር ተከፍቷል፤ በታች በኩል ወደዚያ በር የሚሄደውን ልጅ የሚያዘጋጀው ማነው? የአንደኛ ደረጃ መምህር አይደለም እንዴ?

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በዚሁ በግድግዳ ጋዜጣችን ጥግ ላይ «የዛሬዋ ፀሐይ» የምትባል አንዲት ክብ ትኑር። በየቀኑ ሁለት ተረኛ ሠልጣኞች፣ መሬቱ ሳይግልና አየሩ ሳይርገበገብ፣ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ምስሏን ጥለው ይሳሉ፣ ወረቀቱን ፎቶ ያንሱ፣ ይቁጠሩ፣ ስማቸውን ይፈርሙ። ተረኛ የሚሆነው የጥንቃቄውን አሠራር በመምህር ፊት ሠርቶ ያሳየ ብቻ ይሁን። መዝገቡ የተመራቂ አይሁን፤ የተቋሙ ይሁን፤ እኛ ስንሄድ ለተተኪዎቻችን ይለፍ። ለማስተማር ልምምድ ስንወጣም አንዲት ክብ ወረቀትና ጥቂት የጤፍ ፍሬ ይዘን እንውጣ። መምህሮቻችንም በዚህ ላይ ያላችሁን አስተያየት፣ ተቃውሞም ቢሆን፣ በሚቀጥለው እትም ብትጽፉልን ደስ ይለናል።

ጊዜው ደግሞ አሁን ነው። በታኅሣሥ 2019 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው 25ኛው ዑደት በ2024 (እ.ኤ.አ.) ከፍተኛ ደረጃው ላይ እንደደረሰ ተነግሯል፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ከአንድ ግዙፍ የነጠብጣብ ቡድን የተነሳ ማዕበል በብዙ አገሮች ሰማዩን አቅልቶት ነበር። ከዚህ በኋላ ነጠብጣቦቹ እያነሱ ይሄዳሉ፤ በ2030 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ፀሐይ ፊቷ ንጹሕ ሆኖ የሚውልባቸው ቀኖች ይበዛሉ ተብሎ ይጠበቃል። ያኔ እኛ የጥቂት ዓመት አገልግሎት ያለን መምህራን እንሆናለን። ዘንድሮ 1ኛ ክፍል የገባ ልጅ 12ኛን እስኪጨርስም ፀሐይ አንድ ዑደት ታጠናቅቃለች። ያ ልጅ ዑደቱን ከመጽሐፍ ያነበበው ይሆናል ወይስ በገዛ እጁ የመዘገበው? ይህን የምንወስነው እኛ ነን። እርሳሱን አቅርቡ፤ ነገ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ካለ መጀመር ይቻላል።